የማክሰኞው በዓል

«አንቺ ራስሽ ወድቀሽ የለ? ልጆቻችንን ምን ልታስተምሪያቸው ነው?»

ይህን ያለችኝ አከራዬ ናት። የቤቱን ቁልፍ በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው የበሩን መቃን ደግፋ፣ ገና ሻንጣዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። እኔም እንደ እርሷው ፊት ለፊት መለስሁላት።

«የወደቅሁት አሥረኛ ክፍል ነው፣ እትዬ። የእናንተ ልጆች ደግሞ አራተኛ ደርሰው ማንበብ አይችሉም ተብሎ ነው የተላክሁት። እስከ አሥር ያለውን አላጣውም።»

«እንዲያ ከሆነ እሺ» አለችና ቁልፉን ሰጠችኝ። ከኋላዋ ጸጉሯን በጎን የተላጨች ቀጭን ልጅ ቆማ ታየኝ ነበር። «የኔዋም አራተኛ ናት። አራት ዓመት ሙሉ ደብተር ገዛሁላት። እስከ ፋሲካ ማንበብ ከቻለች ትቀጥላለች። ካልቻለች ደብረ ታቦር እህቴ ዘንድ እልካታለሁ፤ ልጅ ትይዝላታለች። ነግሬሻለሁ።»

ልጅቷ ይህን ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች መሰለኝ፣ ፊቷ አልተለወጠም።

አሥረኛ ክፍል ከወደቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሁለቱንም ዓመት አርብ ገበያ ከተማ፣ እናቴ ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሳጥብ፣ ከበር ወደ ጓሮ ከጓሮ ወደ በር ስመላለስ ነው ያሳለፍሁት። እናቴ «እግርሽን ጉንዳን ነው የበላሽ?» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። መንግሥት ችግር ለጸናባቸው ቀበሌዎች የማጠናከሪያ ትምህርት በጀት መድቧል፤ ልጆቹ ከመደበኛው ትምህርት በኋላ ቆይተው ንባብና ሒሳብ ይማራሉ፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ይመዝገብ ይላል። «የጨረሰ» ነው የሚለው፣ «ያለፈ» አይልም። ተመዘገብሁ። የሦስት ሰዓት ዳገት ነው ሲሏቸው ሌሎቹ ተውት። እኔ ዳገት አልጠላም። የምጠላው መቀመጥ ነው።

ውሌ ላይ ሰዓቱ ተጽፏል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ። ከበታቹ ደግሞ ፕሮግራሙ በተባለው ቀን ካልተካሄደ በጀቱ ወደ ሌላ ቀበሌ ይዛወራል የሚል አለ። ያነበብሁት ፈርሜ ከወጣሁ በኋላ ነው።

የተሰጠኝ ክፍል ድሮ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት የነበረ ነው። ሰሌዳ፣ አንድ ካርቶን ጠመኔ፣ አርባ ስም ያለበት መዝገብ። ሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ ተመታ፤ ደወል የምለው የመኪና ቸርኬ ነው፣ በድንጋይ የሚመታ። ልጆቹ እንደ ተፈታ ጥጃ ፈሰሱ። ሰባት ሰዓት ላይ ክፍሌ ውስጥ ሦስት ልጆች ነበሩ። ማክሰኞ አንድ፤ እሱም የመጣው ዝናብ መስሎት ሊጠለል ነው።

ረቡዕ ከሰባት ሰዓት በፊት ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ። አከራዬን ገብስ ማሳዋ ዳር አገኘኋት፤ ልጇ ድንጋይ ላይ ቆማ ዝንጀሮ ትጠብቃለች።

«እትዬ፣ ይህቺ ልጅ አሁን ክፍል መሆን ነበረባት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዝንጀሮውን አንቺ ትጠብቂልኛለሽ?»

«እጠብቃለሁ!» አልሁ፤ ነገር መጣልኝ ብዬ። ልጅቷን ወደ ትምህርት ቤት አባረርኋትና ወንጭፏን ተቀብዬ ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ወንጭፍ መወርወር አልችልም። የመጀመሪያው ድንጋይ የራሴን እግር መታኝ። ዝንጀሮዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረው እንደ ዳኛ ያዩኛል። ሰዓት ያህል እንደቆየሁ ልጅቷ እየሮጠች ተመለሰች።

«ቲቸር፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም።»

«ማን እንዲኖር ፈለግሽ?»

«አንቺ ነሻ!»

አከራዬ ማጭዷን ጥላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ የሳቅሁት ግን ከንዴት ነው። ማታ ሽሮ እየበላን «እዚህ መንደር መምህሩ አንዱን ልጅ ሊያስተምር የዚያን ልጅ ሥራ መሥራት አለበት» ስላት «አሁን ገና ገባሽ» አለችኝ።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ማንንም አልጠብቅም ብዬ ሰባት ሰዓት ላይ በሩን ብከፍት ክፍሉ ሞላ። አርባዎቹም መጡ። ታናናሾቻቸውን ያዘሉ ሁሉ አሉ። መቀመጫ ስላልበቃ መሬት ላይ ተደረደሩ። በሩ ላይ ቆሜ ምን መጣ አልሁ። የአከራዬ ልጅ ከፊት ተቀምጣ ገርሟት አየችኝ።

«ዛሬ ሚካኤል ነው እኮ፣ ቲቸር።»

«ቢሆንስ?»

«አይታጨድም። አይታረስም። ከብቱንም ዝንጀሮውንም ትልልቆቹ ይጠብቃሉ። እኛ ሥራ የለንም።»

ሚካኤል መሆኑን አጥቼው አይደለም። አርብ ገበያም ይከበራል። ግን ለእኛ ሻይ ቤት በዓል ማለት ሰው የሚበዛበት፣ ብርጭቆ የሚያልቅበት ቀን ነው። በዓል ሰውን ነፃ ያወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሳልቀመጥ አስተማርሁ። ከዚያ ልጆቹን ጠየቅኋቸው፤ መንደሩ የሚያከብረው የትኛውን የትኛውን ነው? ተሻምተው ነገሩኝ። አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ። ቅዳሜም አለ። በጠመኔ በበሩ ጀርባ ላይ ጻፍኋቸው። በማግስቱ ዓርብ ነበር፤ ገበያ ስለሆነ እንኳን ከሰዓት ጠዋትም ትምህርት ቤቱ ባዶ ነበር።

በእነዚህ በዓላት ላስተምር ብዬ ያሰብሁትን ለዳይሬክተራችን ነገርኋቸው። ደህና ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ወረቀት መፍራት ነው።

«የበጀቱ ደብዳቤ የሚለው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው» አሉኝ።

«ልጆቹ ሰኞ የሉም።»

«አንቺ ግን ሰኞ መኖር አለብሽ።»

«ባዶ ክፍል?»

«ክፍሉ ባዶ ነው ማን አለ? መዝገቡ ላይ በየቀኑ ምልክት አድርጊ። ማን ይቆጥረዋል?»

እንግዲህ እንዲህ ሆነ። በሥራ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ገብቼ እስከ ዘጠኝ ባዶ ክፍል እጠብቃለሁ። በበዓል ቀን ደግሞ እስኪመሽ አስተምራለሁ። ባዶው ቀን ነው የሚያደክመኝ። የወደቅሁበትን የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ እሠራዋለሁ፣ እወድቃለሁ፣ አጠፋዋለሁ። ከሰሌዳ እስከ በር ስምንት እርምጃ ነው። መዝገቡን ግን እንደተባልሁት አልሞላሁትም። ላልመጣ ልጅ አርባ ጊዜ ምልክት ላደርግ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ለመጡበት ቀን ምልክት፣ ላልመጡበት ሰረዝ። ያ መዝገብ ሰረዝ በሰረዝ ሆኖ አልፎ አልፎ በምልክት ይሞላል፤ ለሚያውቀው ሰው የመንደሩ የበዓል መቁጠሪያ ነው።

የደብሩ ቄስ የሰሙት ወሬ አስጨንቋቸው አንድ የማርያም ዕለት መጡ። በሩ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«በበዓል ቀን ምን ታሠሪያቸዋለሽ፣ ልጄ?»

«ፊደል፣ አባ። ኃጢአት ነው እንዴ?»

«የተከለከለው ሞፈርና ቀንበር ነው። እኔ ቤተ ልሔም ደብር የዜማ ተማሪ ሆኜ ድጓ ሳጠና በበዓል አታንብብ ያለኝ የለም። ይልቅስ ዝም በል እያሉ ነበር የሚለምኑኝ» አሉና ገብተው ተቀመጡ። ያን ጊዜ የአከራዬ ልጅ እያነበበች ነበር። ሳትደናቀፍ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ገጹን ሙሉ። እኔ በእርሷ ኮርቼ ቄሱን አየሁ። እሳቸው ግን ጣቷን ነው የሚያዩት። ጣቷ ከምትለው ሁለት መስመር ዝቅ ብሏል።

«ይህቺ አታነብም» አሉኝ። «ይህቺ ታዜማለች። ሲነበብ ሰምታ መጽሐፉን በቃሏ ይዛዋለች።»

ልጅቷ ጣቷን ከገጹ ላይ አነሣች። አራት ዓመት እንዴት ከክፍል ወደ ክፍል እንዳለፈች ያን ዕለት ገባኝ። አብሮ ጮኾ ማንበብ ላይ አንደኛ ናት፤ ብቻዋን ሲሆን ምንም የለም።

«ቁጣ አይጠቅማትም» አሉ ቄሱ፣ አፌን ስከፍት አይተው። «ሰበዝ አምጪ። እያንዳንዱን ፊደል በሰበዝ እየነካሽ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስነብቢያት። ወደ ኋላ የሚዜም ነገር የለም።»

ሰበዙን ከእናቷ ስፌት መዘዝሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በበዓሉ ሁሉ፣ ማታ ማታም እራት እስኪደርስ፣ ልጅቷ ከኋላ ወደ ፊት ተነበበች እላለሁ፤ ሌላ አባባል የለኝም። አለቀሰች። ሰበዝ ሰበረች። እኔም ተነሥቼ ከግቢ ወጥቼ ዞሬ እመለስ ነበር፣ እንዳልመታት። ኅዳር ሲጋመስ ቃል ማንበብ ጀመረች። ከዚያ የክብሪት ሳጥን፣ የሳሙና ወረቀት። እናቷ ግን አላመነችም።

«በቃሏ ነው» ትላለች።

«የሳሙና ወረቀት ማን በቃሉ ይይዛል?»

«እሷ ትይዛለች። አራት ዓመት አታልላኛለች። እኔ ፊደል አላውቅ፣ በምን ልለያት?»



ታኅሣሥ ላይ ከወረዳው ደብዳቤ መጣ። ዳይሬክተሩ ጠሩኝና ቆመው አነበቡልኝ። ማክሰኞ ባለሙያ መጥቶ ፕሮግራሙን ያያል። ተማሪ በክፍሉ ካልተገኘ በጀቱ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ይቋረጣል።

«ማክሰኞ ስንት ነው?» አሉኝ።

«አሥራ ሦስት።»

«በሚካኤል ማግስት!» ብለው ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «አንድ ቀን ቢቀድሙ ምን ነበረበት?»

ጊዜው የውቂያ ነው። ገብሱ ታጭዶ በየአውድማው ተከምሯል። ቅዳሜና እሑድ አይወቃም። ሰኞ ሚካኤል ነው፣ አይወቃም። ስለዚህ ማክሰኞን መንደሩ በሙሉ እንደ ሠርግ ቀን ነው የሚጠብቃት። በሬ የሚነዱት፣ ገለባ የሚያነሡት፣ ምርቱን ከዶሮ የሚከላከሉት ልጆች ናቸው። ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ክፍሌ ውስጥ ዝንብ እንኳ አይገኝም።

ፋሲካ ገና ሩቅ ነበር። ልጅቷ ቃል ታነባለች እንጂ ገጽ አታነብም። ክፍሉ አሁን ከተዘጋ ወደ ደብረ ታቦር መሄዷ ነው። ያንን እያሰብሁ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድሁ። ቄሱ አጸዱ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል።

«አባ፣ ማክሰኞን በዓል ያድርጉልኝ።»

መጀመሪያ የሰሙኝ አልመሰለኝም። ከዚያ ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ በዓል አልፈጥርም። ከፈለግሽ ሌላ ሃይማኖት ፈልጊ።»

«አባ፣ አንድ ቀን ነው! አንድ ቀን ባይወቃ ሰማይ ይወድቃል?»

«ነገረ ሥራሽ ሁሉ እንደ ጅራፍ ነው፣ ልጄ። ቁጭ በይ።» ተቀመጥሁ። «ማክሰኞ ስንት ነው?»

«አሥራ ሦስት።»

«የማን ቀን ነው?»

አላወቅሁም። እሳቸው መለሱልኝ። «እግዚአብሔር አብ ነው። በየወሩ አሥራ ሦስት እግዚአብሔር አብ ነው። ይህ መንደር ዘንግቶት ይሠራበታል እንጂ እኔ አልፈጠርሁትም። ቀኑን እነግራቸዋለሁ። ሌላውን እነሱ ያውቃሉ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ሳለ ተናገሩ። «ነገ ሚካኤል ነው፤ ታውቁታላችሁ። ከነገ ወዲያ እግዚአብሔር አብ ነው፤ እሱን ረስታችሁታል።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ «አባ፣ ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ።

«ዓለም ከተፈጠረ ወዲህ።»

«እስከ ዛሬ ምነው አልነገሩን?»

«እስከ ዛሬ ምነው አልጠየቃችሁኝ?»

«አራት ቀን በተርታ! ምርቱን አይጥ ይወቃልን?» አለ ሌላው፤ ሰው ሳቀ። ሳቁን ስሰማ ነገሩ እንደሆነ አወቅሁ። ሰው ሲያማርር ይስቃል፤ ሊያፈርስ ሲያስብ ግን አይስቅም። ከተነገረ በኋላ በእግዚአብሔር አብ ቀን በሬ የሚያስገባ ደፋር በዚያ አገር የለም።

ከሳቁት መካከል አከራዬ አልነበረችም። ባሏ ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ ወርዶ አልተመለሰም። በሬዎቹን የሰጣት የባሏ ወንድም ነው፤ ለማክሰኞ ብቻ። ከማክሰኞ በኋላ ለሌሎች ቃል ገብቶባቸዋል፤ እስከ ገብርኤል ማግስት አታገኛቸውም። ይህን ያወቅሁት ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊቴ ስትቆም ነው።

«በዓሉን ማን እንዳመጣው አውቃለሁ» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«መካድ እንኳ አታውቂም?»

«ብክድ ታምኚኛለሽ?»

«በሬዎቼስ?»

«ልጅሽስ?» አልኋት። «ክፍሉ ከተዘጋ እስከ ፋሲካ በምን ታነባለች?»

«ልጄን ምግብ ነው የሚያሳድጋት! ያ ክምር ነው የሚያሳድጋት! እንግዳ ነሽ ብዬ፣ ልጅ ነሽ ብዬ ዝም ስል፣ ጭራሽ አምላክን በሥራሽ አስገባሽ?» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «መውቃቱንስ እወቃው ነበር። አሁን ግን ተነገረ። ተነግሮ ብወቃ እህሉ በረከት የለውም።»

ከዚያ በኋላ እስከ ማክሰኞ አላነጋገረችኝም። ራት ግን አቀረበችልኝ። ያ ከስድብ ይብሳል።

ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ክፍሉ ሞላ። ሥራ የፈቱ ወላጆችም ነጠላ ለብሰው መስኮቱን ከበቡት፤ አከራዬ አለችበት። ባለሙያው አቧራ ለብሶ ከሞተር ሳይክሉ ወረደ፤ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነው። ክፍሉን ሲያይ ፊቱ ፈካ። ዳይሬክተሩ እጃቸውን ያፋትጋሉ።

«እንዲህ የሞላ ክፍል ዘንድሮ አላየሁም» አለ። «በውቂያ ሰዓት! ሌላ ቀበሌ ሁለት ሦስት ልጅ ነው የማገኘው።» መዝገቡን እንደያዘ ሳይገልጠው «እስቲ አንድ ልጅ ታንብብልኝ» ሲል ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን አወጡ።

ከመስኮቱ «የኔዋን!» የሚል ድምፅ መጣ። አከራዬ ናት። «ያቺን፣ የፊቷን! መጽሐፉን ግን እንዳትሰጣት፣ በቃሏ ታውቀዋለች። ማንም ያላየውን ስጣት!»

ባለሙያው ሳቀ። ቦርሳውን ከፍቶ ከያዘው ወረቀት አንዱን አወጣና «ይህን ከእኔ በቀር እዚህ ያየው የለም» ብሎ ሰጣት። ልጅቷ ሰበዟን አወጣች።

«የ... ማ... ጠና... የማጠናከሪያ ትምህርት» አለች። «የመስክ... ምል... ምልከታ ቅጽ።» አላዜመችም። በየፊደሉ ትቆማለች፤ ሰበዟ ከአፏ ጋር እኩል ይሄዳል። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። «ተራ ቁጥር አንድ። ፕሮግራሙ... ከሰኞ... እስከ ዓርብ... በየቀኑ... ይካ... ይካሄዳል?»

ቀና አለች። ባለሙያውን አየችው። የተጠየቀች መስሏታል።

«አይካሄድም» አለች። «በበዓል በበዓሉ ነው።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ዳይሬክተሩ ወደ ጣሪያው አዩ።

«እንዴት በበዓል?» አለ ባለሙያው።

«በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም... በሥራ ቀን እኛ የለንም። ቲቸር ብቻዋን ናት።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ እግዚአብሔር አብ ነዋ። አባ ተናግረዋል። ድሮ አናከብረውም ነበር።»

ባለሙያው መዝገቡን ያኔ ገለጠ። ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ምልክት። ሰረዝ፣ ሰረዝ። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ልጅቷን «ጎበዝ፣ ቁጭ በይ» አላትና እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ።

«እህቴ፣ ይህን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ያየኸውን። አርባ ልጅ ሲማር አይተሃል።»

«ቅጹ ላይ ያለው አዎ ወይም አይደለም ነው። በሚካኤል የሚል ቦታ የለውም።»

«ጨምርበት።»

«ቅጹን እኔ አላወጣሁትም፣ ከላይ ነው የመጣው።»

«ላይ ያለው ሰው ገብስ አይበላም? መቼ እንደሚወቃ አያውቅም?»

«በእኔ ላይ አትጩኺ። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ስማዳ ነው ያደግሁት» አለ፤ እውነትም አፍሯል። «ምነው መዝገቡን እንደ ሰው ብትሞዪው? አዎ ብዬ ሄጄ ነበር። አሁን በእጅሽ ሰረዝ አድርገሻል፣ ልጅቷ በሰው ፊት ተናግራለች። አዎ ብል ነገ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

ሊሄድ ሲል «ልጅቷ ግን ታነባለች» አለኝ። «ይህንንም ጽፌዋለሁ፣ ከጀርባው።»

መዝገቡን አላስዋሽም ብዬ ቀኑን ግን አስዋሽቻለሁ። ይህን ሞተር ሳይክሉ ከተነሣ በኋላ ነው ያሰብሁት። አንዱን ውሸት ተጸይፌ ሌላውን፣ ትልቁን፣ ለመንደር ሙሉ አሸከምሁ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። እስከ ዛሬ የትኛውን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም።

አከራዬ መስኮቱ ሥር ጠበቀችኝ። ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«አነበበች?»

«አነበበች።»

«በቃሏ አይደለም?»

«ወረቀቱን ዛሬ ነው ያየችው።»

«ምን ይላል?»

«ክፍሉ ይዘጋ ይላል።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጅቷ ራቅ ብላ የክፍሉ ደጃፍ ላይ ሆና፣ ምን እንዳደረገች ሳይገባት፣ ሰበዙን በጥርሷ ትነክሳለች። ማንም አልነገራት። እኔም አልነገርኋት።

በሬዎቹ በማግስቱ ለሌላ ሰው ሄዱ። የአከራዬን ገብስ እኔና እርሷ ልጅቷም ሆነን በዱላ ወቃነው። ከጠዋት ጀምረን ስንመታ እንውላለን። እጄ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ እንደገና ቋጠረ። የክምሩን ሥር አይጥ በልቶት አገኘነው። አከራዬ ያን ስታይ ዱላዋን አቁማ አየችኝ፤ ከዚያ ቀጠለች። በሥራው መካከል አንድ ጊዜ ብቻ «መምታትስ ትችያለሽ» አለችኝ።

ደብዳቤው ከገና በኋላ መጣ። በጀቱ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛውሯል፤ ውሌ ተቋርጧል፤ ንብረት ላስረክብ። ጠመኔ፣ መዝገብና ቁልፍ ለዳይሬክተሩ አስረከብሁ። መዝገቡን ሲቀበሉኝ «እንደ ሰው ብትሞዪው ኖሮ» አሉ። «ነግረውኛል» አልኋቸው። ጥምቀት ስለደረሰ እስኪያልፍ ቆየሁ። ጥምቀቱ አለፈ፣ ሚካኤል አለፈ፣ ሐሙስ ሆነ። አሥራ ሦስት።

ሻንጣዬን የሚጭንልኝ አህያ ፈለግሁ። አንድ ሰው አልገኝ አለ። ለመጀመሪያው ጎረቤት ስነግረው ደነገጠ። «ዛሬ? ዛሬ እኮ እግዚአብሔር አብ ነው! አይጫንም።»

ስለዚህ ራሴ ተሸከምሁት። አከራዬ እስከ ግቢው በር ሸኘችኝ። ቆሎ ቋጥራልኛለች።

«እስከ ፋሲካ ብዬ ነበር» አለች። «እስከ ክረምት ትቆይ እንግዲህ። ለእህቴም ይህንኑ መልእክት ልኬባታለሁ።»

«ከክረምት በኋላስ?»

«ከክረምት በኋላ አንቺ የለሽም። ምን አገባሽ?» አለችና ሳመችኝ። ሦስት ጊዜ፣ ጠንከር አድርጋ።

መንገዱ በትምህርት ቤቱ ጎን ነው የሚያልፈው። ደወሉ ከተመታ ቆይቷል፣ ግን ልጆቹ አልሄዱም። ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ደብተራቸውን ይዘው ተሰብስበዋል፤ ታናናሾቻቸውን ያዘሉም አሉ። የአከራዬ ልጅ ደፉ ላይ ተቀምጣ ሰበዟን በእጇ ይዛለች።

«ቲቸር! ዛሬ እግዚአብሔር አብ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ክፍሉ ተቆልፏል።»

«አውቃለሁ።»

«ቁልፉስ?»

«ዳይሬክተሩ ዘንድ ነው።»

«እና መቼ ነው የሚከፈተው?» አለች የአከራዬ ልጅ።

ሻንጣዬን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርሁና ቁልቁለቱን ያዝሁት።